ከሰው መሬት ሥር ያለ ሳንቲም የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የዛሬው የጁሙዓ ትምህርታችን መነሻ በውስጥ መስመር የደረሰኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው እንግሊዝ አገር የሚኖር ወጣት ወንድማችን ነው። መጋዘን ውስጥ አብሮት የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ አለ። ይህ ሰው የእረፍት ቀኑን ሜታል ዲቴክተር ይዞ የገበሬ ማሳ ላይ ሲዞር ይውላል። አንድ እሁድ ወንድማችንንም ይዞት ሄደ፣ ትርፍ መሣሪያም አዋሰው። ወንድማችን አመሻሹ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ስስ የብር ሳንቲም አገኘ። ለጓደኛው አላሳየውም። ለገበሬውም አልተናገረም። ኪሱ ከተታት።

ከዚያ ወዲህ ሳንቲሟ ከበደችው መሰለኝ። እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ኡስታዝ፣ ባለቤቷ ከሞተ ምናልባት ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል። ገበሬው መኖሯንም አያውቅም። ሪካዝ ደግሞ ለአግኚው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አንድ አምስተኛውን ሰደቃ ሰጥቼ ቀሪውን ብይዝ ምን ችግር አለው?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። ጀዛከላህ ኸይር። ብዙዎቻችን ስለ ሪካዝ የምናውቀው ግማሹን ነው፤ ወንድማችንም የጠቀሰው እሱኑ ግማሽ ነው። ወደ ፊቅሁ ከመግባታችን በፊት ግን ዛሬ ጁሙዓ አይደል? አብዛኞቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ዛሬ ቀርታችኋል ወይም ከመግሪብ በፊት ትቀራላችሁ። የተቀበረ ሀብት ታሪክ እዚያው ሱራ ውስጥ አለ፤ በየሳምንቱ እናልፈዋለን።

ሙሳና ኸድር (ዐለይሂመ ሰላም) አንዲት ከተማ ገቡ። እንግድነት ጠየቁ፣ የከተማው ሰው አላስተናግድም አላቸው። እዚያው ሊፈርስ ያዘነበለ ግንብ አገኙ። ኸድር ግንቡን አቃናው። ሙሳ «ብትፈልግ እኮ ዋጋ ትቀበልበት ነበር» የሚል ሐሳብ አነሱ፤ ለተራበ ሰው ተገቢ ሐሳብ ነው። በኋላ ምክንያቱ ሲገለጥ ግንቡ የሁለት የቲሞች ነበር። ከሥሩ የነሱ የሆነ ሀብት ተቀብሯል። አባታቸው ደግ ሰው ነበሩ። አላህም ልጆቹ አድገው ሀብታቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ ፈለገ።

አንድ ነገር ላይ ቆም በሉልኝ። በዚያች ከተማ ወርቁ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ኸድር ነበር። ሜታል ዲቴክተር አላስፈለገውም፣ አላህ አሳውቆታል። እጁን ግንቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ርቦታል። የከተማው ሰው በድሎታል። ባለቤቶቹ ሕፃናት ናቸው፣ ምንም አያውቁም። እና ምን አደረገ? ሸፈነው። ዋጋም አልተቀበለበትም። የሀብቱ ባለቤቶች ሀብታቸው መኖሩን አለማወቃቸው ሀብቱን የባለቤት አልባ አላደረገውም። (ከሙፈሲሮች መካከል የተቀበረው ዕውቀት የተጻፈበት ነገር ነበር ያሉም አሉ። የቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም ግን ገንዘብ ነው፤ ብዙዎቹም ያንን ይዘዋል።)

«ገበሬው መኖሯን አያውቅም» የሚለው የወንድማችን ሐሳብ እዚህ ጋ ይወድቃል።

አሁን ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል፤ አገር ቤት ያላችሁ ብዙዎቻችሁ በወርቅ ቆፋሪዎች እጅ ያያችሁት ነው። ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሳህን የመሰለ ክብ ነገር አለ። በውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ያ መስክ መሬት ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ላይ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሳል፤ ጅረቱም መልሶ የራሱን መስክ ይልካል። መሣሪያው ያንን ሰምቶ ይጮኻል። ትንሽ ሳንቲም ብዙውን ጊዜ የሚሰማው እስከ አንድ ስንዝር ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። አብዛኛው ጩኸት የጠርሙስ ክዳን፣ ምስማር፣ የፎይል ቁራጭና የጥይት ቀለህ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። በራሱ ሙባሕ የሆነ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ንጹሕ አየር አለው፣ እግር ጉዞ አለው፣ ታሪክም ያስተምራል። ሐራም የሚያደርገው ሌላ ነገር ሲገባበት ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ መሠረት መሬት ውስጥ የተገኘ ዕቃ በመጀመሪያ የባለመሬቱ ነው። ማሳው የግል ከሆነ የባለመሬቱ ፈቃድ ግዴታ ነው። «ፓርክ የሕዝብ ነው» ብሎ የሚከራከር ካለ፣ በ1995 እ.ኤ.አ የይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ሰው በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ በዲቴክተር ያገኘው የመካከለኛው ዘመን የወርቅ ጌጥ የአግኚው ሳይሆን የመናፈሻው ባለቤት የሆነው የአካባቢ ምክር ቤት ነው ብሎ ፈርዷል። በመንግሥት ጥበቃ በተመዘገቡ ጥንታዊ ስፍራዎች ላይ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያውን ማብራት ራሱ ወንጀል ነው። በአየርላንድ ሪፐብሊክ ያለ ፈቃድ ወረቀት ጥንታዊ ዕቃ በዲቴክተር መፈለግ አይቻልም። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት። ስለዚህ «አውሮፓ ውስጥ ይፈቀዳል» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም፤ ያላችሁበትን አገር ሕግ ጠይቁ።

ከዚህ በላይ የ1996ቱ የድልብ ሕግ አለ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ የወርቅ ወይም የብር ዕቃ፣ ወይም ከአንድ ቦታ የተገኙ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ የዚያ ዘመን የወርቅ ወይም የብር ሳንቲሞች ከሆኑ፣ አግኚው በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት። ሙዚየም ሊወስደው ከፈለገ ዋጋው ይገመታል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ለአግኚውና ለባለመሬቱ እኩል ይከፈላል። ፍትሐዊ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። ደክሞ ያገኘውም፣ መሬቱን የያዘውም፣ ታሪኩ የሚመለከተው ሕዝብም ድርሻ አላቸው።

የወንድማችን ሳንቲም ግን አንድ ናት። አንድ ነጠላ ሳንቲም ብዙውን ጊዜ በዚህ ሕግ ውስጥ አትገባም። ኮሮነር አይጠይቅም፣ ፖሊስ አይመጣም። በገበያም ብትሸጥ የዚህ ዓይነት ተራ ሳንቲም ብዙ ገንዘብ አያወጣም። ፈተናው ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሰው አንድ ማድጋ ወርቅ ሲያገኝ ይደነግጣል፣ ያማክራል። ጥፍር የምታክል ብር ሲያገኝ ግን «ምን አላት» ይላል። አንዲት ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ሰባት ምድር ድረስ አንገቱ ላይ እንደሚጠለቅበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። መለኪያው ስንዝር መሆኑን ልብ በሉ።

ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን ላንሳ። ሁለቱም እንግሊዝ ውስጥ፣ ሁለቱም በገበሬ መሬት ላይ የሆኑ ናቸው።

የመጀመሪያው በኅዳር 1992 እ.ኤ.አ ሰፎክ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሆክስን መንደር ነው። አንድ ገበሬ ማሳው ላይ መዶሻ ጠፋበት። ዲቴክተር ያለው ወዳጁን ፈልግልኝ አለው። ሰውዬው መዶሻ ሊፈልግ ሄዶ የወርቅና የብር ሳንቲሞች ይወጡ ጀመር። ቆፍሮ ሊጨርሰው ይችል ነበር። ጥቂት ካወጣ በኋላ አቆመና ለባለመሬቱና ለፖሊስ አስታወቀ። በማግስቱ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች መጥተው ቀሪውን እንዳለ፣ በተቀበረበት አኳኋን አወጡት። ወደ 15,000 የሚጠጉ የሮማውያን ሳንቲሞች፣ ከነሱም ጋር የወርቅ ጌጣጌጥና የብር ማንኪያዎች ነበሩ። ባለሙያዎች ሣጥኑ ውስጥ ዕቃው እንዴት እንደተደረደረ፣ በምን እንደተጠቀለለ ሳይቀር ማጥናት ቻሉ። ለአግኚው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለው፤ እሱም ለገበሬው አካፈለ። መዶሻዋም ተገኘች፤ ዛሬ ከወርቁ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናት። የሰው የጠፋ ንብረት ሊመልስ የወጣ ሰው ነው ይህን ያገኘው። ሱብሓነላህ።

ሁለተኛው በ2015 እ.ኤ.አ በሄርፎርድሺር፣ ለምንስተር ከተማ አቅራቢያ የሆነ ነው። ሁለት ዲቴክተር የያዙ ሰዎች በቫይኪንጎች ዘመን የተቀበረ ድልብ አገኙ። የወርቅ ቀለበት፣ አምባር፣ በወርቅ የታሰረ የብርጭቆ ድንጋይ፣ ወደ ሦስት መቶ የሚገመቱ ሳንቲሞችም ነበሩበት። አላስታወቁም። ሳንቲሞቹን በድብቅ ለነጋዴዎች ሸጡ። በ2019 አንዱ 10 ዓመት፣ ሌላው 8 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ ቢቀነስላቸውም። ከሳንቲሞቹ የተገኙት 30 ገደማ ብቻ ናቸው። ፈቃድ ጠይቀውና አስታውቀው ቢሆን ኖሮ በሕጋዊ መንገድ የሚደርሳቸው ድርሻ ብቻ ዕድሜ ልክ ይበቃቸው ነበር። ሐላሉ እጃቸው ላይ ነበር። ትዕግሥት አጡና ሐራሙን መረጡ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ከገንዘቡ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። ከተገኙት ጥቂት ሳንቲሞች ላይ ሁለት ነገሥታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። አንዱ እንግሊዞች በጣም የሚያከብሩት አልፍሬድ ነው። ሌላው ጎረቤቱ የመርሺያ ንጉሥ ቼኦልዉልፍ ነው። የዚያን ዘመን ዜና መዋዕል የተጻፈው በአልፍሬድ ወገን ስለነበር ቼኦልዉልፍን እንደ ሞኝ አሽከር አድርጎ ነው ያለፈው። ሳንቲሞቹ ግን ሁለቱ በአንድ ወቅት እንደ እኩያ አጋር እንደነበሩ ያሳያሉ። ከ1,100 ዓመት በላይ ስሙ የጎደፈ ሰው አለ፤ መስካሪዎቹ መሬት ውስጥ ነበሩ፤ ሌቦች መጥተው አብዛኞቹን በተኗቸው። ሱረቱ ዘልዘላ ላይ መሬት በዚያ ቀን ወሬዋን እንደምትናገር እንቀራለን። መሬት ምስክር ናት። ከምስክር አፍ ላይ ቃል መንጠቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ያለ አንድ ሐዲስ አለ። በመጨረሻው ዘመን መሬት በሆዷ ያለውን ወርቅና ብር እንደ ዓምድ አድርጋ ትተፋዋለች። ነፍስ ያጠፋው ይመጣና የገደልኩት ለዚህ ነበር ይላል። ዝምድና የቆረጠው ይመጣና ለዚህ ነበር ይላል። ሌባው ይመጣና እጄ የተቆረጠው ለዚህ ነበር ይላል። ከዚያ ሁሉም ትተውት ይሄዳሉ፤ አንዳች አይወስዱም።

ወደ ፊቅሁ እንምጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሪካዝ ላይ አንድ አምስተኛ እንዳለበት መናገራቸው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ጸንቷል። ሪካዝ ማለት በብዙኃን ዑለማዎች ዘንድ ከኢስላም በፊት የነበሩ ሰዎች የቀበሩት ሀብት ነው። ከዘካ ሁሉ ከፍተኛው መጠን ይህ ነው፤ የወርቅና የብር ዘካ ከመቶ ሁለት ተኩል ሲሆን ይህ ከመቶ ሃያ ነው። ዓመት እስኪሞላ አይጠበቅም። ዑለማዎች የሚሰጡት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የእርሻ ያህል ድካም ስለሌለበት፣ በአንድ ጊዜ የሚገኝ ሲሳይ ስለሆነ ነው።

ወንድማችን የሰማው ግማሽ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ «የት ተገኘ?» የሚለው ነው። መድረሳ ሚንሃጅን የቀራችሁ ደረሶች ታስታውሳላችሁ፤ የማዕድንና የሪካዝ ዘካ በሚለው ባብ ውስጥ ኢማም ነወዊ ቦታውን ይለያሉ። ባለቤት በሌለው ጠፍ መሬት ላይ፣ ወይም ራስህ ባቀናኸው መሬት ላይ ከተገኘ ያንተ ነው፣ አንድ አምስተኛውን ታወጣለህ። የሌላ ሰው መሬት ላይ ከሆነ ግን በሻፊዒ መዝሀብ ባለመሬቱ የኔ ነው ካለ የሱ ነው። የኔ አይደለም ካለ መሬቱን ወደሸጠለት ሰው፣ ከዚያም ከሱ በፊት ወደነበረው፣ እንዲህ እያለ መሬቱን መጀመሪያ ወዳቀናው ሰው ድረስ ይሄዳል። ማሊኪዎችም ለባለመሬቱ ነው ይላሉ። ከሐነፊዎች አቡ ሐኒፋና ሙሐመድ መሬቱ መጀመሪያ ሲከፋፈል ለደረሰው ሰው (ወይም ለወራሾቹ) ሲሰጡ፣ አቡ ዩሱፍ ግን ለአግኚው ነው ብለዋል። ከኢማም አሕመድም ለአግኚው የሚል አንድ ዘገባ አለ።

«እንግዲያው አቡ ዩሱፍን እይዛለሁ» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ያዝ። ነገር ግን አቡ ዩሱፍ በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ግባ አላሉህም። ፈቃድ ስትጠይቅ የገባኸውን ውል አፍርስም አላሉህም። ወንድማችን ማሳው ላይ የገባው በጓደኛው ፈቃድ ሥር ነው። ጓደኛው ደግሞ ከገበሬው ጋር የተስማማበት ነገር አለ፤ በእንግሊዝ የተለመደው የተገኘውን ሁሉ ማሳየትና እኩል መካፈል ነው። ሙስሊሞች በገቡበት ሁኔታ የታሰሩ መሆናቸው የታወቀ መርህ ነው። ገበሬው ሙስሊም አለመሆኑ ይህን አይቀንሰውም። እንዲያውም አማናን ለካፊር መመለስ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሂጅራ ሌሊት ታሪክ ነው፤ ሊገድሏቸው የተሰበሰቡት ሰዎች አደራ ያስቀመጡት ንብረት እንዲመለስ ዐሊን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ትተዋቸዋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መልሴ ይህ ነው። ሳንቲሟን ለጓደኛህ አሳየው፤ ገበሬው ዘንድ አብራችሁ ሂዱና ከማሳው የት አካባቢ እንዳገኘሃት ንገሩት። ብዙ ገበሬዎች ፈገግ ብለው «ያዛት» ይላሉ፤ ያኔ በስጦታ የመጣች ንጹሕ ሐላል ናት። ውሰዳት ካላለህ አስረክብ። በየክፍለ ሀገሩ የተገኙ ዕቃዎችን የሚመዘግቡ ባለሙያዎች አሉ። ይህ በብሪቲሽ ሙዚየም ሥር የሚካሄድ ምዝገባ ከ1997 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ መዝግቧል፤ በነፃ ነው፣ ዕቃህን ቀምተው አያስቀሩብህም። ሰደቃን በተመለከተ፣ የሰው ንብረት ላይ አንድ አምስተኛ አውጥቶ ቀሪውን ማንጻት የለም። አላህ ጥሩ ነው፣ ጥሩን እንጂ አይቀበልም። አንድ ቀን በሕጋዊ መንገድ ድልብ አግኝተህ ድርሻህ ሲከፈልህ ግን አንድ አምስተኛውን እንድታወጣ እመክርሃለሁ፤ ለልብህ ይቀላል።

ሌላ የጠየቀኝ ነገር ነበር፤ ሳንቲሟ ላይ መስቀልና የንጉሥ ፊት አለ፣ መያዝ ይቻላል ወይ ብሏል። ሶሓቦች ለአሥርት ዓመታት የተገበያዩት በሮማ ዲናርና በፋርስ ድርሃም ነው፤ ዲናሩ ላይ መስቀልና የቄሣር መልክ፣ ድርሃሙ ላይ የእሳት መሠዊያ ነበረበት። ጽሑፍ ብቻ ያለበት የሙስሊሞች ዲናር የወጣው በዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ዘመን፣ በ77 ዓመተ ሂጅራ ነው። ነገሩ በተቃራኒውም ሆኗል። ኦፋ የሚባል የእንግሊዝ ክፍል ንጉሥ የዐባሲዩን ኸሊፋ የመንሱርን የ157 ሂጅራ ዲናር አስገልብጦ ስሙን በላቲን ፊደል መሐል ላይ አስገብቶበታል፤ ዐረብኛውን የቀረጸው ሰው ማንበብ አይችልም ነበር ይመስላል። ሸሃዳ የተጻፈበት የክርስቲያን ንጉሥ ወርቅ ዛሬ ለንደን ሙዚየም ውስጥ አለ። በ2007 ዮርክሺር ውስጥ አባትና ልጅ በዲቴክተር ያገኙት የቫይኪንግ የብር ድልብ ውስጥም ከሳማርቃንድ የመጡ ድርሃሞች ነበሩበት። አባትና ልጁ የታሸገውን ዕቃ ሳይጎረጉሩ እንዳለ ለባለሙያ ሰጥተዋል።

እንዲህ ዓይነት የሙስሊሞች ምልክት ያለበት ሀብት በፊቅህ ሌላ ስም አለው። የቁርኣን ቃል ወይም የሙስሊም ገዢ ስም ያለበት ከሆነ ሪካዝ ሳይሆን ሉቀጣ፣ ማለትም የጠፋ ዕቃ ነው ይላሉ ፉቀሃዎች። ከረጢቱንና ማሰሪያውን አውቆ አንድ ዓመት ማስታወቅን ያዘዘው የዘይድ ኢብን ኻሊድ ሐዲስ ይመለከተዋል። ይህ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ የሚባል ቦታ አለ። ገበሬዎቹ ሲያርሱ ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ ያገኙ ነበር፤ ድንጋዮቹ ትልልቅ ስለሆኑ የግዙፎች ከተማ ነበር የሚል አፈ ታሪክም አለ። ከ2015 ጀምሮ ባለሙያዎች በፈቃድ ቆፍረው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ አገኙ፤ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችም ተገኝተዋል። መቐለ አጠገብ ኲሓ ላይ ዐረብኛ የተጻፈባቸው ጥንታዊ የሙስሊም መቃብር ድንጋዮች አሉ። ታሪካችን በመጽሐፍ ያልተጻፈው ብዙው እንዲህ በገበሬ እርሻ ሥር ነው ያለው። አንድ ሰው ዲቴክተር ይዞ ገብቶ ሳንቲሞቹን ለቅሞ ለነጋዴ ቢሸጥ፣ ሳንቲሟ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሱቅ ውስጥ አንድ ብር ቁራጭ ናት። መስጂዱ ወለል ላይ ከሸክላውና ከመብራቱ ጋር ብትገኝ ግን እዚያ ማን እንደሰገደና ከማን ጋር እንደነገደ ትነግረናለች።

ማስተዋል ያለባችሁ ነገር፣ አክሱም አካባቢ ከሚገኙ ሳንቲሞች መካከል ጨረቃ ያለባቸውን እያሳዩ «የሙስሊም ነው» የሚሉ ልጥፎች ይዞራሉ። አይደለም። ጨረቃና ክብ ነገር ያለባቸው የአክሱም ሳንቲሞች ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የተመቱ ናቸው፤ ኢስላም ከመምጣቱ በፊት ወደ ሦስት መቶ ዓመት ይቀድማሉ። ለዲናችን ብሎ መዋሸት ዲናችንን አይጠቅምም።

በአገራችን ሕጉ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር የተከለከለ ነው። ቤት ሲሠራ፣ ጉድጓድ ሲወጣ፣ እርሻ ሲታረስ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ፣ እስኪረከቡትም ሳይነካ መጠበቅ አለበት። «የራሴ ግቢ ነው» የሚለው አያስመልጥም። ኢማሞቻችንና ሽማግሌዎቻችን ይህን ለገበሬው ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ብዙው ሰው የሚደብቀው ስለሚፈራ እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም።

መቃብር ግን ጨርሶ አይነካም። የጥንት ይሁን የቅርብ፣ የሙስሊም ይሁን የሌላ፣ በወርቅ ፍለጋ መቃብር የሚከፍት ሰው የሞተን ሰው ክብር ደፍሯል።

ይህን ሁሉ ስናስብ ከቡኻሪና ከሙስሊም የሚጠቀሰው የማሰሮው ሐዲስ ይታወሰኛል። ከኛ በፊት በነበሩ ሕዝቦች ዘመን አንድ ሰው መሬት ገዛ፤ ሲቆፍር ወርቅ የሞላበት ማሰሮ አገኘ። ወደ ሻጩ ሄዶ ወርቅህን ውሰድ፣ እኔ የገዛሁት መሬት ነው እንጂ ወርቅ አይደለም አለው። ሻጩ ደግሞ እኔ የሸጥኩልህ መሬቱን ከነውስጡ ነው አለ። ተጨቃጨቁ! ሁለቱም የኔ አይደለም እያሉ። ወደ ፈራጅ ሄዱ። ፈራጁ ልጅ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ወንድ ልጅ፣ ሌላው ሴት ልጅ ነበራቸው። አጋቧቸው፣ ከወርቁም ለነሱ አውጡላቸው፣ ሰደቃም ስጡ ብሎ ፈረደ።

እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ተቃራኒዎቻቸው ግን በስልካችን በየቀኑ ይመጣሉ። ስለዚህ ከመጨረስ በፊት ይህን ላስጠንቅቅ። «ግቢያችሁ ውስጥ የተቀበረ ወርቅ አለ፣ ጂን ይጠብቀዋል፣ ለማስለቀቂያ ይህን ያህል ገንዘብና ጥቁር ፍየል አምጡ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቁርኣን እየቀሩ ሊመጡም ይችላሉ። ይህ ሲሕር ነው ወይም ተራ ማጭበርበር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ነው። ከጂን ጋር እሠራለሁ የሚል ሰው ዘንድ ሄዶ መጠየቅና ማመን ዐቂዳን የሚያጠፋ ጉዳይ ነው። «ስቆፍር አንድ ጣሳ የወርቅ ሳንቲም አገኘሁ፣ ገዢ አጣሁ፣ በርካሽ ውሰደው» ብሎ የሚደውልላችሁም ብዙውን ጊዜ የተቀባ መዳብ ነው የያዘው፤ እውነት ቢሆን እንኳ የምትገዙት የተሰረቀ ቅርስ ነው። ስልኩን ዝጉት። ስለ ሲሕር ሌላ ጁሙዓ በሰፊው እንመለስበታለን ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።